ፍርሃትም ዋጋ አለው፦ መንገደኛ የውጭ አገር መዳረሻውን በምን ይመርጣል?

ሐምሌ ሲገባ ጅቡቲ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ቤተሰቡን ይዞ መውጣት የሚችል ጅቡቲያዊ ያን ጊዜ ዓይኑን ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ያዞራል። ድሬም ቢሆን ሞቃት ናት፤ ግን አመሻሹ ላይ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ሥር ነፋስ ይገኛል። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር የደረሰ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ማታ ሹራብ ይፈልጋል። ቤት ይከራያል፣ ሐኪም ያያል፣ ልጆቹን ያናፍሳል፤ ይዞት የመጣው ፍራንክም እዚህ ሲመነዘር ይበረክትለታል። በዚያው ሳምንት፣ በግንብ በታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ማረፊያ ይዞ የነበረ አውሮፓዊ መንገደኛ «ይቅርታ፣ ጉዞውን ሰርዘነዋል» የሚል መልእክት ይልካል።

ከተማው አንድ ነው፣ ወሩ አንድ ነው፣ አልጋው ራሱ አንድ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ለአንዱ ሰላምና ርካሽ የሆነ ቦታ ለሌላው አስፈሪና ውድ የሚሆነው ለምንድን ነው? በተለምዶ ደህንነትና ወጪ እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይወራሉ። በተግባር ግን ፍርሃት ዞሮ ዞሮ ገንዘብ ይሆናል፦ ኢንሹራንስ ይሆናል፣ በአውቶቡስ ፋንታ አውሮፕላን ይሆናል፣ ተጨማሪ የሆቴል ሌሊት ይሆናል። መንገደኛው የሚመርጠው ከሁሉ የረከሰውን ወይም ከሁሉ ሰላም የሆነውን አገር ሳይሆን፣ አደጋውን መጥኖ ሊከፍልበት የሚችለውን አገር ነው። ይህን ሒሳብ ማወቅ ወደ ውጭ ለሚሄደውም፣ እዚህ ሆኖ እንግዳ ለሚጠብቀውም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ወንፊት፣ ከዚያ ሚዛን

መዳረሻ የሚመርጥ ሰው የዓለምን አገሮች ደርድሮ አያወዳድርም። አምስት ስድስት ስም ይመጣለታል፤ ከእነሱም ሁለት ሦስቱን ዋጋ ሳይጠይቅ ይጥላል። «እዚያማ ጦርነት አለ»፣ «እዚያ በሽታ ገብቷል»፣ «እዚያ ሴት ብቻዋን አትሄድም» ይላል፤ ያ ስም ከዚያ በኋላ አይነሣም። ትኬትና ሆቴል የሚጠየቀው ለተረፉት ብቻ ነው። ስለዚህ ደህንነት ወንፊት ነው፣ ወጪ ደግሞ ሚዛን። በወንፊቱ ያላለፈ እህል ሚዛን ላይ አይወጣም።

ይህን ቅደም ተከተል ያላስተዋለ ባለ ማረፊያ እንግዳ ሲጠፋበት ዋጋ ይቀንሳል። ቅናሹን ግን የሚያየው ቀድሞም ለመምጣት የወሰነው ነው፤ የፈራው ሰው ገጹን አልከፈተውም። ከከፈተውም የወረደው ዋጋ ጥርጣሬውን ያብስበታል፦ «ይህን ያህል ከረከሰማ አንድ ነገር አለ ማለት ነው» ይላል።

ፍርሃት በሚዛን የማይገፋበት ምክንያት በጥናትም የታወቀ ነው። ካህነማንና ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ሥራ ሰው ማጣትን ከማግኘት አብልጦ እንደሚመዝን አሳይተዋል፤ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ልዩነቱን ወደ ሁለት እጥፍ ያደርሱታል። መቶ ዶላር መቆጠብ የሚሰጠው ደስታ መቶ ዶላር ማጣት የሚያመጣውን ቁጭት አይክስም። ማጣቱ የአካል ወይም የሕይወት ሲሆን ደግሞ የአልጋ ቅናሽ ምንም አይፈይድም።

ትልቁ በደል ያለው ግን ወንፊቱ ላይ ነው፤ ቀዳዳው የተሠራው በአገር ስም ልክ፣ አንዳንዴም በአህጉር ስም ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ሲያጠቃ የኬንያና የታንዛኒያ ሳፋሪዎች እንግዶቻቸው ሰረዙባቸው። ካርታ ዘርግቶ ላየ ሰው፣ ለላይቤሪያ ዋና ከተማ ለሞንሮቪያ ከናይሮቢ ይልቅ ማድሪድ ትቀርባለች። ማድሪድን ግን በኢቦላ ምክንያት የሰረዘ ጎብኚ እምብዛም አልተሰማም። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመርም እንዲሁ ነበር። ከመቀሌ እስከ ሐረር በአየር መስመር እንኳ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ለሩቅ ሰው ግን ሁለቱም «ኢትዮጵያ» ናቸው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም ስሙ ወዲያው አልነጣም። መጥፎ ዜና በአንድ ቀን ዓለምን ያዳርሳል፤ የሰላም ዜና ግን እግረኛ ነው።

ጅቡቲያዊው ለምን አልፈራም? ወንፊቱ የተለየ ስለሆነ ነው። ድሬ አክስት አለችው፣ መጋላ ሰፈር የሚደውልለት ነጋዴ አለው፣ ባቡሩን ወይም መኪናውን የሚያውቅ ዘመድ አለው። «የመጋላ መንገድ እንዴት ነው?» ብሎ ዛሬ ጠይቆ ዛሬ መልስ ያገኛል። እሱ የሚጠይቀው ስለ ሰፈር ነው፤ አውሮፓዊው የሚያነበው ስለ አገር ነው። ከዳያስፖራ የሚመጡ ወገኖችም በክፉ ቀን ጭምር የማይጠፉት በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው ሸዋል ኢድ ሲደርስ፣ ወይም ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ፣ የሚመጣው ሰው መረጃውን ያገኘው ከእናቱ ነው።

ማሳሰቢያው ከወረቀት ወደ ኪስ እንዴት ይሄዳል?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ለዜጎቿ የምታወጣው የጉዞ ማሳሰቢያ አራት ደረጃ አለው፦ 1 የተለመደውን ጥንቃቄ አድርግ፣ 2 ጥንቃቄህን ጨምር፣ 3 ጉዞህን ደግመህ አስብበት፣ 4 አትሂድ። እንግሊዝ በቁጥር ፋንታ ካርታውን በቀለም ትከፍላለች፤ ሁለቱ ከባድ ቃሎቿ «እጅግ አስፈላጊ ካልሆነ በቀር አትሂዱ» እና «ፈጽሞ አትሂዱ» ናቸው። አውስትራሊያና ካናዳም የየራሳቸው አራት አራት ደረጃ አላቸው።

ማሳሰቢያ ሕግ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን ከአውሮፕላን የሚያስወርደው የለም። ኃይሉ የሚመጣው ከኋላው ካለው ሰንሰለት ነው። መንግሥት «አትሂዱ» ሲል ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች ለዚያ ቦታ መሥራት ያቆማሉ። ኢንሹራንስ ሲቀር አስጎብኚ ድርጅቱ ቡድን መላክ አይችልም፤ አንድ ሰው ቢጎዳ ካሣው እሱን ይጥለዋል። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ አይልክም፣ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው አበል አይፈርምም። ሰውየው እንኳን ባይፈራ በዙሪያው ያሉት ሁሉ እንቢ ይሉታል።

ይህ ሰንሰለት ምን ያህል እንደሚጎትት የቱኒዚያ ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጁን 26 ቀን 2015 ሱስ በምትባለው ከተማ የባሕር ዳርቻ በደረሰው ጥቃት 38 ሰዎች ሲገደሉ 30ዎቹ እንግሊዛውያን ነበሩ። እንግሊዝ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳሰቢያዋን አጠበቀች፤ ያላላችው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2017 ነው። የግብፁ ሻርም ኤል ሼክ ደግሞ በዚያው ዓመት 224 ሰዎች የጫነ የሩስያ አውሮፕላን በሲና ሰማይ ላይ ከወደቀ በኋላ፣ ከእንግሊዝ ቀጥታ በረራ የተከለከለችው ለአራት ዓመት ያህል፣ እስከ ኦክቶበር 2019 ነው። ሆቴሎቹ አልተቃጠሉም፣ ባሕሩም አልደረቀም። የጠፋው የሚያደርሰው በረራ ነበር።

ማሳሰቢያ ሲነበብ አራት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው ቀኑ ነው፤ መቼ እንደታደሰና ምን እንደተለወጠ ከላይ ይጻፋል። ሁለተኛው ወሰኑ ነው፤ የአገሩ አጠቃላይ ደረጃ 3 ሆኖ ከውስጡ አንዳንድ አካባቢ 4 ሊሆን ይችላል፣ ወይም አንዱ ክፍል ከሌላው የቀለለ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ምክንያቱ ነው፦ ወንጀል ነው፣ ጦርነት ነው፣ ጤና ነው? በኪስ ሌባ ምክንያት የተጻፈና በተኩስ ምክንያት የተጻፈ እኩል አይመዘኑም። አራተኛው መንገዱ ነው። ሐረር ራሷ ክፍት ሆና ወደ እሷ የሚያደርሰው የመኪና መንገድ በከፊል ሊከለከል ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ከተማዋን ብቻ አንብቦ ይነሣል፣ ችግሩም የሚመጣው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው ርካሽ አገር በፍርሃት የሚወደደው። ከአዲስ አበባ ሐረር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውቶቡስ ለሚሄድ ወጪው ትንሽ ነው። ስለ መንገዱ የሰጋ እንግዳ ግን እስከ ድሬዳዋ ይበራል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ 55 ኪሎ ሜትሩን በተከራየ መኪና፣ በቀን ብቻ፣ ያልፋል። አውሮፕላኑ አመሻሽ ላይ ከገባ ድሬ አንድ ሌሊት ያድራል። አስጎብኚ ይይዛል። ቢሰርዝ ገንዘቡ የሚመለስለት ትኬት ስለሚፈልግ በዚያም ላይ ይጨምራል። አልጋው ርካሽ ሆኖ ጉዞው ውድ ሆነ። ይህን የሚያውቅ ባለ ማረፊያ ከአልጋው ላይ ጥቂት ከመቀነስ ይልቅ የአየር ማረፊያውን መኪና በአንድ ዋጋ አጠቃሎ ቢያቀርብ የበለጠ ይሰማለታል። የውጭ ዜጋ እንግዳ ወደ አገራችን የገባው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ከሆነ የአገር ውስጡን በረራ በቅናሽ ማግኘት ይችላል፤ ትኬቱን ሳይቆርጥ መንገር ነው እንጂ ከቆረጠ በኋላ አይጠቅመውም።

የሚፈራውና የሚጎዳው

ሐረር ሊመጣ ያሰበ እንግዳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጅቡ ነው። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ለማየት ሲቀመጥ ልቡ ይመታል። ያው እንግዳ ጠዋት ደንገጎን ሲወርድ ቀበቶውን ሳያስር፣ ሾፌሩ ጠመዝማዛው ላይ ከባድ መኪና ሲቀድም ፎቶ ያነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ወደ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ይደርሳል። መንገደኛን ከሽብር ጥቃት ይልቅ መኪና፣ ውኃና የሆድ በሽታ ይጎዱታል። ይሁን እንጂ ሰው የሚፈራው ያልለመደውን፣ በእጁ ያልሆነውንና በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚጎዳውን ነው። መኪና ቤቱም ስላለ አይፈራውም።

ይህ ፍርሃቱን ለመናቅ አይደለም። ጥቃት በደረሰበት አካባቢ አለመሄድ ትክክል ነው። ግን የደህንነት ገንዘቡን ሁሉ በሚፈራው ላይ አውጥቶ ለሚጎዳው ያላስቀረ ሰው ሒሳቡን አበላሽቷል። ቀበቶ ያለው መኪና፣ ቀን የሚነዳ ያልደከመ ሾፌር፣ የታሸገ ውኃና እስከ አገር ቤት ሕክምና የሚያደርስ ኢንሹራንስ ከሁሉ ይቀድማሉ።

ከድሬ ወደ ውጭ ለሚነሣ

አሁን ጉዳዩን እንገልብጠው። ሳቢያን የሚኖር ቤተሰብ፣ አባት፣ እናት፣ የ10 ዓመት ልጅና የ4 ዓመት ልጅ፣ ወደ ውጭ መውጣት አስቧል እንበል። ለእኛ ሰው ወንፊቱ ሌላ ነው። አውሮፓዊው «እጎዳ ይሆን?» ሲል እኛ «ይከለክሉኝ ይሆን? ገንዘቤን በልተው ይመልሱኝ ይሆን?» እንላለን። ስጋታችን በአብዛኛው የወረቀት ነው፤ እሱም ዋጋ አለው።

ወደ ብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች ለሚያስገባው የሸንገን ቪዛ እ.ኤ.አ. ከጁን 11 ቀን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ይከፈላል፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ፤ ከ6 በታች ነፃ ነው። ለዚህ ቤተሰብ 90 እና 90 እና 45፣ በድምሩ 225 ዩሮ ይሆናል። ማመልከቻ የሚቀበለው ድርጅት የአገልግሎት ክፍያ በላዩ አለ። የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። አሻራ የሚሰጠው አዲስ አበባ ስለሆነ የአባትና የእናት መሄጃ፣ መመለሻና ማደሪያ ይጨመራል፤ ከ12 በታች ያሉ ልጆች አሻራ አይሰጡም። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የመልስ ጊዜው ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዘመ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ቪዛው ቢከለከል የማመልከቻው ክፍያ አይመለስም።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንደኛው ቪዛ ሳይገኝ የተከፈለ ትኬት መግዛት ነው። ኤምባሲዎች ለማመልከቻ የሚፈልጉት የበረራ ሪዘርቬሽን፣ ማለትም ቦታ መያዙን የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ ገንዘቡ የወጣ ትኬት አይደለም። ሁለተኛው ለማመልከቻው ሲባል ከዘመድ ተበድሮ ባንክ ሒሳብ ውስጥ ብዙ ገንዘብ በአንድ ቀን መክተት ነው። መርማሪው የሚያየው የወራቱን እንቅስቃሴ ነው፤ በየወሩ የሚገባ ደመወዝ ወይም የሱቅ ሽያጭ ከድንገተኛው ትልቅ ቁጥር ይልቅ ይታመናል። ምንጩ የሚገለጽ ሕጋዊ ገንዘብ ከገባ ደግሞ የሽያጭ ውል ወይም ሌላ ማስረጃ አብሮ ይቀርባል።

ይህን ሁሉ ያሰላ ቤተሰብ ቪዛ የማይጠይቁትን አገሮች መመልከቱ አይቀርም። ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም፤ ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን በሯን ከፍታለች፤ ሲሼልስ ከማንም ቪዛ አትጠይቅም፣ ግን ከጉዞ በፊት ፈቃድ ይሞላባታል፣ ኑሮዋም ውድ ነው። ፎርሙና የሚጠየቀው ወረቀት በየጊዜው ስለሚለወጥ በጉዞው ሳምንት የአገሩን ይፋዊ ገጽ ማየት ያስፈልጋል።

ጅቡቲ ቅርብ ናት፤ ቅርብ ማለት ግን ርካሽ ማለት አይደለም። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በ177.721 ፍራንክ ለአንድ ዶላር ተቸንክሯል። የምትበላውንና የምትለብሰውን አብዛኛውን ከውጭ ታስገባለች። ስለዚህ እዚያ የሚወጣው ወጪ የዶላር ወጪ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያኔ ለአንድ ሳምንት ጅቡቲ የበቃ ብር ከዚያ በኋላ ለግማሹም አልበቃም። ጅቡቲያዊውን ወደ ድሬ የሚያመጣው ምንዛሪ እኛን ከጅቡቲ ያርቀናል። ትኬቱ ውድ የሆነ ሩቅ አገር የቀን ወጪው አነስተኛ ከሆነ፣ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ቀን ሲሆን ከቅርቡ ሊረክስ የሚችለውም በዚሁ ነው። መቁጠሪያው ቀላል ነው፦ ትኬት፣ ቪዛና ኢንሹራንስ አንዴ ይከፈላሉ፤ አልጋ፣ ምግብና ታክሲ በቀን ይባዛሉ። ቀኑ ባጠረ ቁጥር ቅርቡ፣ በረዘመ ቁጥር የቀን ወጪው ትንሽ የሆነው ያዋጣል።

የጤና ወረቀትም እንዲሁ ዋጋውን በቀን ይከፍላል። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች ብዙ አገሮች የክትባቱን ማስረጃ፣ ቢጫ ካርድ፣ ይጠይቃሉ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋበት 10 ቀን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄድ ሰው ካርዱን ካልያዘ ወይም 10 ቀኑ ካልሞላ እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል፤ የሐኪም ቀጠሮው ያልፋል፣ አስታማሚው ሆቴል ይከፍላል። ለሐጅና ለዑምራ የሚጠየቀው የማጅራት ገትር ክትባትም ቢያንስ ከመድረሻው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ትኬቱን ለነገ ሳምንት ቆርጦ ዛሬ ክትባት የሚፈልግ ሰው በርካሽ ያገኘውን ትኬት በውድ ይቀይረዋል።

አንድ ትኬት ወይስ ሁለት?

ከድሬ አዲስ አበባ ያለውን ለብቻ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ አገር ያለውን ለብቻ በሌላ አየር መንገድ መቁረጥ አንዳንዴ ይረክሳል። ግን የድሬው በረራ ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጥ፣ ሁለተኛው አየር መንገድ ተጠያቂነት የለበትም፤ «አልመጣም» ብሎ ይመዘግብና ትኬቱ ይቃጠላል፣ ብዙ ጊዜ መመለሻውም አብሮ ይሰረዛል። በአንድ ትኬት የተያያዘ ከሆነ ግን ወደሚቀጥለው በረራ ማዛወር የአየር መንገዱ ግዴታ ነው፣ ሻንጣውም እስከ መጨረሻው ይመዘገባል። ሁለት ትኬት ለመያዝ የቆረጠ ሰው አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድሮ ይነሣ። የአንድ ሌሊት አልጋ ከጠፋ ትኬት ይረክሳል። የሻንጣውን ኪሎም ያስተያይ፤ አንዱ ሁለት ሻንጣ ሲፈቅድ ሌላው አንድ ብቻ ከፈቀደ ልዩነቱ የሚከፈለው ሻንጣ መመዝገቢያው ፊት በዶላር ነው።

ኢንሹራንስ ሲገዛ የሚነበበው የፊት ገጹ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር አይደለም፤ የማይሸፍነው ዝርዝር ነው። ጦርነትና አመፅ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ናቸው። ነባር በሽታም፣ ለምሳሌ ስኳርና ደም ግፊት፣ ካልተነገረ አይሸፈንም፤ ወላጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ይጠይቅ። ከገዙ በኋላ የደረሰ ነገር ይሸፈን ይሆናል፤ ዜናው ከተሰማ በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ግን ለዚያ ዜና አይሠራም። አውሮፓና አሜሪካ ያለ መንገደኛ «በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ» የሚባል ተጨማሪ ሊገዛ ይችላል። እሱም ብዙ ጊዜ ከጉዞ ወጪው ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ ይመልሳል፤ የሚገዛውም የመጀመሪያው ቀብድ በተከፈለ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። «ስለፈራሁ ቀረሁ» የሚል ምክንያት በመደበኛው ውል አያስከፍልም። እንግዳ ከወራት በፊት ይዞ በመጨረሻው ሳምንት ሲሰርዝ ባለ ማረፊያውን የሚለምነው ለዚህ ነው።

ዋጋው ራሱ አደጋ ሲሆን

እስካሁን ያልነው ፍርሃት ወጪን እንደሚጨምር ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ ከልክ በላይ የረከሰ ጉዞ ራሱ የአደጋ ምልክት ነው። የትኬት ማጭበርበር የሚሠራው በሪዘርቬሽንና በትኬት መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ የሚያሳየው ቦታ መያዙን ብቻ ነው፤ ካልተከፈለበት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይሰረዛል። የተከፈለበት ትኬት ባለ 13 አኃዝ ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት የሚጀምረው በ071 ነው። ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት «የትኬት ቁጥሩን አሳየኝ» በሉ፤ ከዚያ ራሳችሁ በአየር መንገዱ ገጽ ላይ ወይም ቢሮው ሄዳችሁ አረጋግጡ። በስልክ የተላከ ፎቶ ማረጋገጫ አይደለም።

ከዚህ የከፋው «በቱሪስት ቪዛ ግቢ፣ ሥራው እዚያ ይጠብቅሻል» የሚለው ነው። የጎብኚ ቪዛ የሥራ መብት አይሰጥም፤ ጊዜው ሲያልፍ ልጅቱ ሕገ ወጥ ትሆናለች፣ ደመወዝ ቢከለክሏት የምትከስበት ውል የላትም፣ ፓስፖርቷም ብዙ ጊዜ በአሠሪው እጅ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ሥርዓት የተበጀለት ነው፤ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ በተጻፈ ውል ይሄዳል። ከዚህ አካባቢ በጅቡቲዋ የወደብ ከተማ በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን የሚደረገው ጉዞ ደግሞ ስንት ልጅ እንደበላ ድሬና ሐረር ውስጥ ያልሰማ ቤት የለም። እዚያ ላይ ዋጋ ማወዳደር የለም፤ እህት ወንድሞቻችንን አትሂዱ ማለት ብቻ ነው።

ለእንግዳ ተቀባዩ

እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ቅርስ የሆነችው ሐረር ጀጎል ከወንፊቱ እንድታልፍ ባለ ማረፊያውና አስጎብኚው ማሳሰቢያውን መለወጥ አይችሉም። የሚችሉት ጥያቄውን ከአገር ወደ ሰፈር ማውረድ ነው፤ ጅቡቲያዊው ከአክስቱ የሚያገኘውን ዓይነት መልስ ለሩቁ እንግዳ መስጠት። «ሰላም ነው፣ አትጨነቁ» የሚል መልስ ማንንም አያሳምንም። የሚያሳምነው እንዲህ ያለ ነው፦ ከድሬ አየር ማረፊያ ሐረር በመኪና አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ፤ የምንነሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ፤ ማታ አንነዳም፤ መኪናው ከኋላም ቀበቶ አለው፤ በዚህ ሳምንት መንገዱ ክፍት ነበር፤ ኔትወርክ አለ ወይም የለም፤ ቅርቡ ሆስፒታል ይህን ያህል ደቂቃ ነው። የሰዓት አቆጣጠሩን በነሱ መጻፍ አይረሳ፤ የእኛ 2 ሰዓት ለእንግዳው ሌሊት ነው።

ክፉ ነገር ካለም ይነገረው። በዚህ ሳምንት አትምጡ የተባለ እንግዳ በሚቀጥለው ወር «ና» ሲባል ያምናል። ቀብድን ሙሉ በሙሉ ከመብላት ወደ ሌላ ቀን ማዛወርን መፍቀድም ከቅናሽ ይበልጣል፤ እንግዳው የሚፈራው ማጣትን ስለሆነ የምታቀሉለት እሱን ነው። ለምሳሌ እስከ ሰባት ቀን በፊት በነፃ፣ ከዚያ ወዲህ በአንድ ሌሊት ዋጋ ቀን ማዛወር ይቻላል ብላችሁ ጻፉ። ከመልእክቱ በላይም የተጻፈበትን ቀን አስፍሩ፤ የመንገድ መረጃ ወር ከሞላው አርጅቷል።